ከአቃቂ ሬዲዮ እስከ ዘጠነኛው ዞን

በኢንተርኔት የሚጻፍና የሚነገር ቃል በኢትዮጵያ የሚዳኝበት ሕግ በአንድ አዋጅ ተጠቃሎ አይገኝም። ከፊሉ በሕገ መንግሥቱና በወንጀል ሕጉ፣ ከፊሉ ደግሞ በኮምፒዩተር ወንጀል፣ በጥላቻ ንግግር፣ በመገናኛ ብዙኃንና በግል ዳታ ጥበቃ አዋጆች ተበታትኗል። አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ሁለት መስመር ጽፎ ሲለጥፍ፣ ከእነዚህ ሕጎች ሁለቱ ወይም ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሊመለከቱት ይችላሉ። ቅጣታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

የሁሉም መነሻ ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው የመሰለውን አመለካከት እንዲይዝ፣ ሐሳቡንም በቃል፣ በጽሑፍ፣ በሕትመት፣ በሥነ ጥበብ ወይም በመረጠው በማናቸውም ዘዴ እንዲገልጽ መብት ይሰጠዋል። መረጃ መፈለግ፣ መቀበልና ለሌላ ማስተላለፍም በዚያው ውስጥ ተጠቅሷል። ይህ አንቀጽ ሲጸድቅ ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ ገና አልተከፈተም ነበር፤ አገልግሎቱ የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ፌስቡክንም ቴሌግራምንም በአንቀጹ ጥላ ሥር የምታስገባቸው “ማናቸውም” የምትለው ቃል ናት።

አንቀጹ ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ከመታተሙ በፊት ጽሑፍ አቅርብ፣ ይታይ፣ ይፈቀድ ማለት አይቻልም። ከተነገረ በኋላ መጠየቅ ግን አለ፤ ይህም ቢሆን በሕግ በተደነገገ ገደብ ብቻ ነው፤ ገደቡም በአመለካከቱ ይዘትና አመለካከቱ በሚያስከትለው ውጤት ምክንያት ሊጣል አይችልም። ገደብ የሚፈቀደው የወጣቶችን ደህንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሲሆን፣ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ አደባባያዊ ንግግርም በሕግ ይከለከላሉ። አንቀጽ 26 ደግሞ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል።

ከዚህ ጎን የዓለም አቀፍ ሕግ አለ። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን የተቀበለችው በ1985 ዓ.ም. ነው። የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 19 በንግግር ላይ የሚጣል ማንኛውም ገደብ ሦስት ጥያቄ እንዲያልፍ ያስገድዳል፦ ገደቡ በግልጽ ሕግ ተጽፏል ወይ? የታወቀና ተገቢ ዓላማ አለው ወይ? ለዚያ ዓላማ በእርግጥ የግድ አስፈላጊ ነው ወይ? የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤትም በሰኔ 2004 ዓ.ም. ሰዎች ከኢንተርኔት ውጭ ያላቸው መብት በኢንተርኔትም ሊጠበቅላቸው እንደሚገባ ወስኗል። ከታች የሚመጡት አዋጆች ሁሉ የሚመዘኑት በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው። ብዙዎቹ የሚሰናከሉት ገና በመጀመሪያው ላይ ነው።

እነዚህ ድንጋጌዎች ከወረቀት ወርደው በሰው ላይ ምን እንደሚሠሩ ለማየት ከአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። አቃቂ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታሰበው ፋብሪካው፣ የባቡር ሐዲዱና ወደ ደብረ ዘይት የሚወርደው የጭነት መኪና ሰልፍ ነው። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ድምፅ በሬዲዮ ሞገድ ባሕር የተሻገረው ከዚሁ ነው። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የገነባው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። ጦርነቱ ሲቃረብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ለውጭው ዓለም የተናገሩት በዚህ ጣቢያ ነበር። የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ኢትዮጵያውያን ጣቢያውን በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ራሳቸው አወደሙት። ጣሊያን ሠራሽ ማሰራጫ ጣሊያንን ለመክሰስ መዋሉ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የሚሠራው ቀልድ ነው።

በዚያ ዘመን የንግግር ሕግ ጥያቄ ቀላል ነበር። ማሰራጫው አንድ፣ ባለቤቱ መንግሥት፤ ማይክሮፎኑ ፊት የሚቀመጠውን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንግግርና የፕሬስ ነፃነት በሕግ መሠረት የተጠበቀ መሆኑን ቢጽፍም፣ ጋዜጣና መጽሐፍ በሳንሱር እጅ ማለፉ አልቀረም። ደርግም ይህንኑ አጠናከረው። ሳንሱር በሕግ የተሻረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ነው። ኢንተርኔት ሲመጣ ግን የአቃቂው ሥርዓት ተገለበጠ። ማሰራጫ በየኪሱ ገባ፤ የቃሊቲ ጉምሩክ ሾፌርም፣ የፋብሪካ ሠራተኛም፣ ተማሪም በየራሱ ጣቢያ ሆነ። መንግሥት የያዘው መስመሩን ነው፤ ማይክሮፎኑን ለቆታል። ከዚያ ወዲህ የወጡት ሕጎችም ሆኑ ያለ ሕግ የተደረጉት ነገሮች ከዚህ ለውጥ ይመነጫሉ።

በዚሁ ክፍለ ከተማ ሁለት ትልልቅ ማረሚያ ቤቶች አሉ፤ ቃሊቲና ቂሊንጦ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በስምንት ዞን የተከፋፈለ ነበር። ከግቢው ውጭ ያለው ሰፊው አገር ደግሞ በእስረኞች አነጋገር ዘጠነኛው ዞን ተባለ፤ ግድግዳው ባይታይም። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች ይህን ስም ወስደው “ዞን ዘጠኝ” የተባለ ጦማር ከፈቱ። መፈክራቸው “ስለሚያገባን እንጦምራለን” የሚል ነበር። የሚጽፉት ስለ ሕገ መንግሥቱ መከበር፣ ስለ ፍርድ ቤት ጉዳዮችና ስለ ታሰሩ ጋዜጠኞች ነው። ጦማሩ ብዙ ሳይቆይ በአገር ውስጥ እንዳይከፈት ታገደ፤ እነሱ ግን መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ምሽት እስሩ ተጀመረ። ጦማሪዎቹ በፍቃዱ ኃይሉ፣ ናትናኤል ፈለቀ፣ ማኅሌት ፋንታሁን፣ አጥናፍ ብርሃነ፣ ዘላለም ክብረትና አቤል ዋበላ፣ ከእነሱም ጋር ጋዜጠኞቹ ተስፋለም ወልደየስ፣ አስማማው ኃይለጊዮርጊስና ኤዶም ካሳዬ ወደ ማዕከላዊ ምርመራ ተወሰዱ። ክሱ የቀረበው ሦስት ወር ገደማ ከቆዩ በኋላ በሐምሌ ነበር፤ በውጭ አገር የነበረችው ሌላዋ ጦማሪ ሶልያና ሽመልስም በሌለችበት ተከሰሰች። ወንዶቹ ወደ ቂሊንጦ፣ ሴቶቹ ወደ ቃሊቲ ተዛወሩ። ስማቸውን ከቃሊቲ የወሰዱ ጸሐፊዎች በዚያው አካባቢ ግድግዳ ውስጥ ተገኙ።

ለሕግ ተማሪ ትኩረት የሚስበው ጽሑፋቸው የቀረበበት የሕግ ዓይነት ነው። ክሱ የተመሠረተው በፕሬስ ሕግ ወይም በስም ማጥፋት አልነበረም፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ነበር። ያ አዋጅ በአንቀጽ 6 ሽብርተኝነትን ማበረታታትን ወንጀል ሲያደርግ፣ ጽሑፉን ካነበቡት ሰዎች የተወሰኑት ቀጥተኛ ወይም ተዘዋዋሪ ማበረታቻ አድርገው ሊረዱት ከቻሉ በቂ ነው ብሎ ነበር። የጸሐፊው ሐሳብ ቀርቶ አንባቢው ሊረዳው የሚችለው ነገር መለኪያ ሆነ ማለት ነው። በክሱ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ በዲጂታል ደህንነት ላይ የወሰዱት ሥልጠና ሲሆን፣ ይህም ማንም ሰው ከኢንተርኔት በነፃ ሊያወርደው የሚችለውን መመሪያ ይጨምራል። የይለፍ ቃልን መጠበቅ በአንድ አገር የጥንቃቄ ምልክት፣ በሌላ ፋይል ውስጥ ደግሞ የሴራ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ያ መዝገብ አሳይቷል።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ አዲስ አበባ ሊገቡ ሳምንታት ሲቀሩ፣ አምስቱ ክሳቸው ተነሥቶ ተፈቱ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሶልያናን ጨምሮ አራቱን ከሽብር ክሱ በነፃ አሰናበተ፤ በፍቃዱ ኃይሉ ግን በመደበኛው የወንጀል ሕግ በአመፅ ማነሣሣት እንዲከላከል ተባለ። በነፃ መሰናበት ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ እስር በኋላ ሲመጣ፣ ቅጣቱ ከፍርዱ ቀድሞ አልቋል።

ይህ መዝገብ ብቻውን አልነበረም። እስክንድር ነጋ የጋዜጣ ፈቃድ ተነፍጎት በኢንተርኔት ይጽፍ በነበረበት ጊዜ መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ተይዞ 18 ዓመት ተፈረደበት፤ የወጣው የካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። ዮናታን ተስፋዬ ደግሞ በፌስቡክ በለጠፋቸው ጽሑፎች ምክንያት በዚያው አዋጅ አንቀጽ 6 ጥፋተኛ ተብሎ በግንቦት 2009 ዓ.ም. 6 ዓመት ከ6 ወር ተፈርዶበታል። የሽብር አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። ከዚያ ቀደም ሲል በሰኔ 2010 ዓ.ም. ታግደው የነበሩ 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች መከፈታቸውን መንግሥት አስታውቋል። ቁጥሩ አንድ ነገር ያስረዳል፦ መክፈቻው ሲነገር እንጂ መዝጊያው በነጋሪት ጋዜጣ ታውጆ አያውቅም ነበር።

በስሙ ስለ ኮምፒዩተር የሚናገረው የመጀመሪያው ትልቅ የወንጀል ሕግ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 958 ነው። ብዙው ክፍሉ ክርክር የማያስነሣ ነው፤ ያለ ፈቃድ የሰው ሥርዓት ውስጥ መግባትን፣ ማጭበርበርን፣ ሕፃናትን የሚያሳይ የወሲብ ምስልን ይመለከታል። ንግግርን የሚነኩት አንቀጽ 13 እና 14 ናቸው። አንቀጽ 13 የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጠፋ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ በኮምፒዩተር ሥርዓት ያሰራጨ ሰው፣ ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል ይላል። አንቀጽ 14 በሕዝብ መካከል አመፅ፣ ሁከት ወይም ግጭት የሚያነሣሣ ነገር ሆን ብሎ ማሰራጨትን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሁከት ምንድን ነው? የገበያ ግርግር ነው ወይስ የመንገድ መዝጋት? አዋጁ አይመልስም፤ ለፖሊሱ፣ ለዐቃቤ ሕጉና ለዳኛው በየተራ ተትቷል።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሕጉ ግን ለሁሉም አፍ አንድ ዓይነት ወጌሻ አላዘጋጀም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በወንጀል እንዳያስጠይቅ አድርጓል፤ ተበዳዩ በፍትሐ ብሔር ካሣ ይጠይቃል። የ2008ቱ አዋጅ አንቀጽ 13 ግን እንዳለ ነው። በመሆኑም አንድ ጋዜጣ ስለ አንድ ነጋዴ የተሳሳተ ነገር ቢጽፍ ክርክሩ በገንዘብ ላይ ይሆናል፤ የጋዜጣውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል በራሱ ፌስቡክ የደገመ ሰው ግን እስር ሊጠብቀው ይችላል። ጠበቃና አርታኢ ያለው ተቋም አንድ ስልክ ብቻ ካለው ሰው የቀለለ ኃላፊነት ተሸክሟል። ይህ ታስቦበት የተደረገ አይመስልም፤ ሁለት ሕጎች በተለያየ ጊዜና በተለያየ መንፈስ ሲረቀቁ የቀረ ስፌት ነው።

ከሁሉም በላይ የተወራለት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ነው። እንዲወጣ ያደረገው ችግር እውነተኛ ነበር። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. በብሔርና በሃይማኖት ስም የሰው ሕይወት ሲጠፋ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ከግጭቱ በፊትም ሆነ በመሐሉ በፌስቡክ የተሠራጨው ቅስቀሳ የማይካድ ነው። ጥያቄው ችግሩ አለ ወይስ የለም አይደለም፤ የተሰፋው ልብስ ለችግሩ ይሆናል ወይ ነው።

አዋጁ የጥላቻ ንግግርን የሚተረጉመው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ በሰው ወይም በቡድን ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያራምድ ንግግር አድርጎ ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ሐሰተኛ መረጃ ደግሞ በራሱ ውሸት በመሆኑ ብቻ አያስቀጣም። መረጃው ሐሰት መሆን አለበት፤ አሰራጩ ሐሰት መሆኑን ማወቁ ወይም ማወቅ የነበረበት መሆኑ መታየት አለበት፤ ደግሞም ሁከት፣ ረብሻ ወይም ግጭት የማስከተል ዕድሉ ከፍተኛ መሆን አለበት። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር ሲሆን፣ አሰራጩ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተጠቀመ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ያድጋል። ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠሩም። ለትምህርታዊ ጥናት፣ ለዜና ትንተና፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖታዊ ትምህርት የሚቀርብ ንግግርም በልዩ ሁኔታ የተጠበቀ ነው።

መስፈርቱ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ማየት ይሻላል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። በአንድ የሠፈር ቴሌግራም ግሩፕ “የአቃቂ ጉድጓድ ውኃ ተመርዟል፤ እንዳትጠጡ” የሚል የድምፅ መልእክት ገባ እንበል። አንዲት እናት ደንግጣ ለዘመዶቿ ትልከዋለች። መልእክቱ ሐሰት ነው፤ የመጀመሪያው መስፈርት ተሟላ። እናቲቱ ግን ሐሰት መሆኑን አታውቅም። ማወቅ ነበረባት ወይ? እዚህ ላይ ዳኛው የሠፈር እናት ከምን ልታጣራ ትችል እንደነበር መጠየቅ አለበት። ውጤቱስ? ሰው ጄሪካን ይዞ ወደ ሱቅ ቢሮጥ፣ የታሸገ ውኃ ቢወደድ፣ ይህን ግርግር እንጂ ሁከት፣ ረብሻ ወይም ግጭት ማለት ያስቸግራል። በሕጉ ቃል መሠረት እናቲቱ ነፃ ልትሆን ይገባል። አሁን ያው መልእክት “የመረዙት የእገሌ ብሔር ሰዎች ናቸው” የሚል ሐረግ ይጨመርበት። ሁሉም ነገር ይለወጣል፤ ጉዳዩ ከውኃ ወጥቶ ወደ ሰው ይዞራል፣ ጥቃት የማስከተል ዕድሉም የሚታይ ይሆናል። ያቺን ሐረግ የጨመረው ሰው በሕጉ ሁለት ክፍሎች ሊጠየቅ ይችላል።

ምሳሌው የሕጉን ጠንካራ ጎንም ደካማ ጎንም ያሳያል። በጥንቃቄ ካነበቡት ሠፈርተኛውን ከቀስቃሹ ይለያል። ነገር ግን ሁለቱን የሚለዩት “ማወቅ የነበረበት” እና “የማስከተል ዕድሉ ከፍተኛ” የሚሉት ቃላት የሚለካላቸው ሜትር የለም። ሰውየው ዳኛ ፊት እስኪቀርብ የመጀመሪያው ተርጓሚ የያዘው መርማሪ ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጎበኙት የተባበሩት መንግሥታት የሐሳብ ነፃነት ልዩ ራፖርተር ዴቪድ ኬይም በረቂቁ ላይ ያነሡት ስጋት ይኸው የቃላት ልቅነት ነበር።

እነዚህ ሕጎች የሚወጡበት መንገድ በወረቀት ላይ አንድ ነው። ረቂቁ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይዘጋጃል፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ያልፋል፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፣ በቋሚ ኮሚቴ ይታያል፤ ሲጸድቅም በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። ስሙ ከጥንቱ ነጋሪት የመጣ ነው፤ ያኔ ነጋሪት ተመትቶ አዋጁ ሲነገር የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዝ ነበር፤ በዛሬ ቋንቋ ሼር ማድረግ ግዴታ ነበር ማለት ነው። የ2008ቱንም የ2012ቱንም አዋጅ ያጸደቀው በ2007 ዓ.ም. የተመረጠው፣ 547ቱም መቀመጫ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ የተያዘው ያው ምክር ቤት ነው። ሆኖም የጥላቻ ንግግር አዋጁ ለድምፅ ሲቀርብ 23 አባላት ተቃውመውታል። ከአንድ ወገን በተሞላ ምክር ቤት 23 እጅ ትንሽ አይደለም፤ የሕዝብ ውይይት የተደረገበት ረቂቅ ከመድረኩ ያመጣውን ጥርጣሬ ይዞ ወደ አዳራሹ እንደሚገባ ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውጭ የቆመ አንድ ድርጊት አለ፤ ኢንተርኔትን መዝጋት። በ2008 ዓ.ም. ከአገር አቀፍ ፈተና መሰረቅ ጋር ተያይዞ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ በጠቅላላ ጠፋ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ያለ ኢንተርኔት ቆየች። በትግራይ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የተቋረጠው መስመር ሁለት ዓመት ያህል አልተመለሰም። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታፍነው ሰው በቪፒኤን ሲሾልክ ከረመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ አንዳንድ መብቶች እንዲታገዱ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 29 ከማይታገዱት ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ በታወጀ የአስቸኳይ ጊዜ ውስጥ ለመዝጋቱ የሕግ መነሻ መፈለግ ይቻል ይሆናል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ግን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አልነበረም። የትኛው መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው አንቀጽ፣ ለስንት ቀን መዝጋት እንደሚችል የሚናገር ድንጋጌም የለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት እንደ ውኃና እንደ አየር አይደለም ብለው ነበር። ይሁን፤ ነገር ግን ውኃም አየርም ያልሆኑ ብዙ ነገሮች ያለ ሕግ አይወሰዱም። ክፉ ሕግ እንኳ ይግባኝ ይባልበታል፤ ያልተጻፈ ትእዛዝ ግን ለየትኛው ችሎት ይቀርባል? የአፍሪካ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ መንግሥታት የሕዝብን የኢንተርኔት ግንኙነት ከማቋረጥ እንዲቆጠቡ አሳስቧል። ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ 17ኛው የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ፣ አብዛኛው ትግራይ ገና ከመስመር ውጭ ነበር።

መስመሩን መዝጋት አንድ ነገር ነው፤ በመስመሩ ላይ ጆሮ መጣል ሌላ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። መጥለፍ በፍርድ ቤት ፈቃድ ነው፤ በአስቸኳይ ሁኔታ ግን አዋጁ ሲወጣ የመፍቀድ ሥልጣን የሰጠው ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር፤ ፈቃዱም በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መቅረብ አለበት። ከድንበር ውጭ ያለው ሁኔታ ይበልጥ ክፍት ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት መዝገብ “ኪዳኔ” በሚል የብዕር ስም የተጠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገብቶ የስካይፕ ንግግሩን ቀድቷል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት በ2006 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክሱን ዘጋው። ምክንያቱ ድርጊቱ ስላልተፈጸመ አልነበረም፤ የውጭ መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት የሚከሰሰው ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ሲፈጸም ነው፣ የዚህ ጅማሬው ግን ከውጭ ነው በሚል ነው። ጓዳ ገብቶ የሰረቀ እጅ ትከሻው ከደጅ ስለሆነ አልተያዘም።

በአገር ውስጥ የግል መረጃን የሚመለከተው አጠቃላይ ሕግ የወጣው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ባለቤቱም የማየትና የማሳረም መብት እንዲኖረው ይደነግጋል፤ ተቆጣጣሪው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሲም ካርድ ለማውጣት መታወቂያ ኮፒ አድርጎ በየሱቁ የተወ ሰው ሁሉ በዚህ አዋጅ ጉዳይ አለው።

የመጨረሻው ወገን ከመንግሥትም ከተናጋሪም ውጭ ያለው፣ መድረኩን የያዘው ኩባንያ ነው። አዋጅ 1185 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን እንዲያነሡ ያዛል። ለኩባንያዎቹ ግን የቅጣት ልክ አላስቀመጠላቸውም። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በአማርኛና በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚለጠፈውን ከሚያስገመግምባቸው ማዕከላት ዋነኛው ለዓመታት ናይሮቢ ነበር፤ ክርክሩም ወደዚያው ሄደ።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በፌስቡክ ስማቸውና ማንነታቸው እየተጠቀሰ ሲወነጀሉ ሰንብተው፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ልጥፎቹን አስቀድሞ ለኩባንያው ጠቁሜ ነበር ይላል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. እሱና የሰብዓዊ መብት ተመራማሪው ፍስሐ ተክሌ፣ ካቲባ ኢንስቲትዩት ከተባለው የኬንያ ድርጅት ጋር ሆነው ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ። የክሱ ጭብጥ ከተለመደው ይለያል። የሚጠይቁት ልጥፉን የጻፈውን ሰው አይደለም፤ ብዙ ቁጣ የሚያነሣውን ልጥፍ እየመረጠ ለብዙ ሰው ያደረሰውን ስሌት ነው። ተናጋሪውን መቅጣት ቀርቶ ድምፅ ማጉያውን መጠየቅ ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ነው።

ሜታ የአሜሪካ ኩባንያ በመሆኑ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊያየው አይችልም ብሎ ተከራከረ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን ውድቅ አድርጎ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ውሳኔው የዳኝነት ሥልጣንን ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ ኩባንያው ለግድያው ኃላፊነት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ለዋናው ክርክር አቆይቶታል።